ለችግረኞች ተማሪዎች ኮምፒዩተር ስለሚሰበሰበው ምጽዋት



በዚህ ዘመን በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየማኅበሩ አንድ አዲስ ዐይነት ልመና ይሰማል። ቀድሞ የሚለመነው ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ፣ ለጧፍና ለዕጣን፣ ለልብሰ ተክህኖና ለነዳያን ምሳ ነበር። ዛሬ ግን በእነዚህ ላይ፤ ወላጆቻቸው ለመግዛት ዐቅም ለሌላቸው ተማሪዎች ኮምፒዩተር እንግዛላቸው የሚል ጥሪ ተጨምሯል። ይህን ጥሪ የሰሙ አንዳንድ አባቶች «የተራበ ሳይበላ፣ የታረዘ ሳይለብስ፣ ለልጅ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ መግዛት ምን ዐይነት ምጽዋት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ ኮምፒዩተሩ ከተገዛ ነገሩ ሁሉ የተፈጸመ ይመስላቸውና ከግዢው በኋላ ያለውን ሥራ ይዘነጉታል። በሁለቱም አሳብ ጉድለት ስላለበት ነገሩን ከመሠረቱ ጀምሮ መመርመር የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

ምጽዋት ሥጋዊና መንፈሳዊ

ምጽዋት ማለት ለድኻ በመራራት ካለው ላይ ከፍሎ መስጠት ነው። መምህራን ሲያስተምሩ በሁለት ይከፍሉታል፤ ይኸውም ሥጋዊና መንፈሳዊ ነው። ሥጋዊው የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ የታረዘን ማልበስ ነው። መንፈሳዊውም ያላወቀን ማስተማር፣ የተሳሳተን መመለስ፣ ያዘነን ማጽናናት ነው። ለተማሪ የመማሪያ መሣሪያ መስጠት ከሁለቱ በየትኛው ይቈጠራል ቢሉ፤ በሁለቱም ይቈጠራል። ዕቃው በእጅ የሚዳሰስ ስለ ሆነ ሥጋዊ ነው፤ የሚያስገኘው ፍሬ ዕውቀት ስለ ሆነ መንፈሳዊ ነው። እንጀራ የዛሬውን ረኃብ ያስታግሣል፤ ትምህርት ግን ዛሬ ተመጽዋች የነበረውን ልጅ ነገ መጽዋች ያደርገዋል። ይህን ስንል የተራበውን ልጅ በኮምፒዩተር ፊት አስቀምጠነው እንሂድ ማለታችን አይደለም። ሆዱ ባዶ የሆነ ልጅ ፊደልም ሆነ ቍጥር አይገባውምና አንዱ ምጽዋት ሌላውን አይሽረውም።

የጥንቱ ተማሪና መሣሪያው

ለተማሪ መሣሪያ መግዛት እንግዳ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር፤ የራሳችንን የአብነት ትምህርት ቤት ያስታውስ። ልጅ ፊደልና አቡጊዳ ለይቶ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ ወደ ዳዊት ሲሸጋገር መጽሐፍ ያስፈልገዋል። የብራና መጽሐፍ ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። አንድ ዳዊት ለመጻፍ የብዙ ፍየሎች ቆዳ ተገፍፎ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ለስልሶ፣ ከዚያም ተሠምሮ መዘጋጀት ነበረበት። ጥቁሩና ቀዩ ቀለም ተበጥብጦ፣ ብርዑ ከመቃ ተቀርጾ፣ ጸሓፊው ወራት ፈጅቶ የጻፈውን መጽሐፍ የድኻ ልጅ ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ የደብሩን መጽሐፍ፣ የመምህሩን መጽሐፍ፣ ባለጸጋው ለነፍሱ መታሰቢያ ያጻፈውን መጽሐፍ ብዙ ልጆች በተራ ይማሩበት ነበር። በአንድ ዳዊት ዙሪያ ተቀምጠው የተማሩ፣ ከተቀመጡበት አቅጣጫ የተነሣ ፊደሉን ገልብጠው ማንበብ የለመዱ ሽማግሌዎችን ይህ ጸሓፊ በልጅነቱ ዐይቷል።

ቀለቡም እንዲሁ ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ በየደጁ ቆሞ በእመቤታችን ስም ሲለምን፤ ባልቴቷ ከሌማቷ ቈርሳ ትሰጠው ነበር እንጂ «ለተማሪ መስጠት ምን ይረባል?» አትለውም ነበር። እኛም ዛሬ ካህናትና መምህራን ተብለን የምንጠራው፤ ስማቸውን እንኳ በማናውቃቸው እናቶች ቍራሽ ያደግን ነን። እንግዲህ ትምህርትን በኅብረት መሸከም ለአገራችን ጥንታዊ ልማድ ነው፤ የተለወጠው መሣሪያው ብቻ ነው።

የዛሬው መሣሪያ

ኮምፒዩተር ዛሬ ለተማሪ ጌጥ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮሮና ተሐዋሲ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፤ ትምህርቱ በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት እንዲሰጥ ተሞከረ። ያን ጊዜ መሣሪያ ያለው ልጅ ከቤቱ ሆኖ ሲከታተል፤ የሌለው ልጅ ወራቱን በከንቱ አሳልፏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በወረቀት፣ ለከፊሎቹ በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። እንግዲህ እጁ የኮምፒዩተር ቍልፍ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ከለመደው ልጅ ጋር በአንድ ፈተና ቢቀመጥ፤ የጐደለው ዕውቀት ሳይሆን መሣሪያ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ግን እንደ ሰነፍ ሊያስቈጥረው ይችላል። ይህ የሚያሳስበን የፍትሕ ነገር ስለ ሆነ ነው።

ለቤተ ክርስቲያን ልጆችም ጥቅሙ እንዲሁ ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ስለ ገባ፤ ዛሬ በማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ በራሳችን ፊደል መጻፍና ማንበብ ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአገራችን አድባራትና ገዳማት በማይክሮፊልም የተነሡት በሺህ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍት ቅጂያቸው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ሊነበቡ ችለዋል። ቀድሞ አንድን መጽሐፍ ለማየት ከጎንደር እስከ ትግራይ በእግር ይኬድ ነበር፤ ዛሬ የቅኔ ተማሪ መሣሪያው ቢኖረው በመቀመጫው ሆኖ ሊመረምረው ይችላል።

ሐዋርያው ገንዘብ የሰበሰበበት ሥርዐት

ገንዘብ መሰብሰብን በተመለከተ ከቅዱስ ጳውሎስ የሚበልጥ መምህር አናገኝም። በይሁዳ ረኃብ በሆነ ጊዜ የአንጾኪያ ምእመናን በበርናባስና በሳውል እጅ ርዳታ መላካቸው በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 11 ተጽፏል። በኋላም ሐዋርያው በኢየሩሳሌም ላሉት ድኾች ከመቄዶንያና ከአካይያ አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ ሰብስቧል። የዚህም ሥርዐት በሁለቱ የቆሮንቶስ መልእክታት ይገኛል፤ በ1ኛው በምዕራፍ 16፣ በ2ኛው በምዕራፍ 8 እና 9 ነው። ከዚያ አምስት ነገር እንማራለን።

1ኛ፤ ስጦታው በፈቃድና በደስታ እንጂ በግዴታ አይደለም። የመቄዶንያ ሰዎች ራሳቸው ድኾች ሲሆኑ ከዐቅማቸው በላይ ሰጡ፤ ይሁን እንጂ ሐዋርያው ይህን ምሳሌ አድርጎ አቀረበው እንጂ በማንም ላይ ግብር አድርጎ አልጣለውም።

2ኛ፤ ስጦታው በአንድ ቀን ጩኸት የሚያልቅ አይደለም። እያንዳንዱ በየሰንበቱ እንደ ገቢው እያስቀመጠ እንዲያጠራቅም አዘዘ። ጥቂት በጥቂት የሚጠራቀም ገንዘብ ሰጪውን አያስጨንቅም፤ ሥራውንም አያቋርጠውም።

3ኛ፤ ገንዘቡን አንድ ሰው ብቻውን አይዘውም። ሐዋርያው፤ ያን ያህል የታመነ ሰው ሲሆን፤ ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸውን ወንድሞች ላከ። ምክንያቱንም ሲገልጽ፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ከነቀፋ ንጹሕ ለመሆን መሆኑን ተናገረ። ዛሬ «እኛ መንፈሳውያን ነንና ሒሳብ አንጠየቅም» የሚል ኮሚቴ ቢኖር፤ ከጳውሎስ በልጦ ራሱን ማመኑ ነው።

4ኛ፤ የስጦታው ግብ መተካከል ነው። የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ እንጂ ሰጪው ሊከብር፣ ተቀባዩ ሊዋረድ አይደለም።

5ኛ፤ የተጀመረው ይፈጸም። የቆሮንቶስ ሰዎች ባለፈው ዓመት በፈቃዳቸው ጀምረው ሳይፈጽሙት ቈይተው ነበር፤ ሐዋርያውም የመጀመራቸውን ያህል መፈጸማቸው እንዲታይ አሳሰባቸው። ይህ አምስተኛው ነገር ለኮምፒዩተር ምጽዋት ከሁሉ ይልቅ እንደሚያስፈልግ ከዚህ በታች ይታያል።

ከዓለም የተገኘ ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በ2005 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባሉ የአሜሪካ ሊቅ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚል ዓላማ ይዘው፤ ለድኻ አገር ልጆች በ100 ዶላር የሚሸጥ ትንሽ ኮምፒዩተር እንደሚሠራ ለዓለም አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዓመት መጨረሻ መሣሪያው ሲወጣ ዋጋው ወደ 190 ዶላር ተጠግቶ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አንድ ሰው 399 ዶላር ቢከፍል፤ አንዱ ኮምፒዩተር ለራሱ፣ ሁለተኛው ለድኻ አገር ልጅ እንዲሆን የሚያደርግ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዘዴ ተጀመረ፤ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ተሳተፉ። ከእነዚህ ኮምፒዩተሮች በሺህ የሚቈጠሩት ወደ አገራችን መጥተዋል፤ የአማርኛ ፊደል ያለበት የቍልፍ ሰሌዳም ተሠርቶላቸው ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የተቀበለችው ፔሩ የምትባለው የደቡብ አሜሪካ አገር ስትሆን፤ ለልጆችዋ ከ800 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን አደለች። ነገር ግን የአሜሪካዎች ልማት ባንክ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች አስመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ፤ መሣሪያውን ያገኙት ልጆች በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ካላገኙት ልጆች የተለየ ውጤት እንዳላሳዩ ተገልጿል። መሣሪያው ደርሶ ሳለ፤ መምህሩ በቂ ሥልጠና ስላላገኘና አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ኢንተርኔት ስላልነበራቸው ጥቅሙ እንደ ታሰበው አልሆነም። ከዚህም የምንማረው፤ ዕቃ መስጠትና ማስተማር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። በአንጻሩ ሌላዋ የደቡብ አሜሪካ አገር ኡራጓይ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራውን ጀምራ፤ ኮምፒዩተር ከማደል ጋር ትምህርት ቤቶቹን በኢንተርኔት የሚያገናኝ፣ የተበላሸውን የሚጠግን፣ መምህራንን የሚያሠለጥን አንድ ራሱን የቻለ ተቋም አቋቁማለች፤ ሥራውም እስከ ዛሬ ይቀጥላል።

ከራሳችን ስሕተት የተገኘ ትምህርት

ሌላውን አገር ስናነሣ የራሳችንን መሸሸግ አይገባም። ይህን የሚጽፈው ካህን በ2010 ዓ.ም. በሚያገለግልበት ደብር ለአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር እንዲገዛ በየሰንበቱ በዐውደ ምሕረት ቆሞ ለምኗል። ምእመናኑም በትጋት ሰጡ። ከእነርሱም መካከል በጉልት ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትቸረችር አንዲት መበለት፤ ከመቀነቷ ፈትታ የዕለት ሽያጭዋን ሁሉ በሙዳየ ምጽዋቱ ጨመረች። 12 ኮምፒዩተሮች ተገዙ፤ ጸሎት ተደርሶ፣ ጨርቅ ተጋርዶ፣ በጭብጨባ ተገልጠው ተሰጡ። ከድኾቹ ልጆች የተመረጡትን ከፊት አቁመን ፎቶግራፍ ስናነሣ፤ አንድ ልጅ የተቀደደውን ሹራቡን በኮምፒዩተሩ ካርቶን ሲሸፍን አየሁት። በዚያን ቀን ከደስታዬ የተነሣ አላስተዋልሁም ነበር።

ከዓመት በኋላ ያቺ መበለት ከቅዳሴ ስወጣ ቀርባ «ይፍቱኝ የኔታ፤ እነዚያ ልጆች ተማሩበት?» ስትል ጠየቀችኝ። «ይፍታሽ ልጄ፤ ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልኋት እንጂ የምመልሰው አልነበረኝም፤ ዓመት ሙሉ ሄጄ አላየሁምና። በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ብሄድ፤ 12ቱም ኮምፒዩተሮች ላስቲካቸው ሳይነሣ በአንድ ክፍል ተቈልፎባቸው አገኘኋቸው። በሞዴል 19 ገቢ ሆነው በንብረት ያዡ ስም ተመዝግበዋል። ቢሰበሩ የሚከፍል እርሱ ስለ ሆነ ልጆች እንዲነኳቸው አልፈቀደም፤ በእርሱም አልፈርድበትም። የክፍሉ የኤሌክትሪክ መስመር 12ቱን በአንድነት የሚሸከም አልነበረም። ያስተምራል የተባለውም መምህር ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል።

በዚያን ጊዜ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ገባኝ። እኛ የቈጠርነው ኮምፒዩተሩን እንጂ የሚማሩትን ልጆች አልነበረም። ጌታ በወንጌል ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ያስተማረውን ትምህርት ለሌላው ስናስተምር ኖረን ለራሳችን ዘነጋነው። ለሰበካ ጉባኤው የሆነውን ሳልሸሽግ ተናገርሁ፤ ለመበለቲቱም እንዲሁ ነገርኋት። እርስዋም ጥቂት ዝም ብላ ቈይታ «እንግዲያው አሁን ይከፈትላቸዋ፤ የኔታ» አለችኝ። ከዚህ የሚሻል ምክር ከማንም አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ የቀረችውን ጥቂት ገንዘብ ለመስመር መቀየሪያ አዋልናት። ከትምህርት ቤቱ ጋር ስምምነት ተጽፎ፤ በትምህርት ላይ ሳለ የሚደርሰው ብልሽት በደብሩ እንዲጠገን፣ ንብረት ያዡም በእርሱ እንዳይጠየቅበት ተደረገ። ሙያው ያላቸው ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በየቅዳሜው በተራ ሊያስተምሩ ተሰለፉ። ከ12ቱ ሦስቱ በመቀመጥ ብዛት አልሠራ አሉ፤ በዘጠኙ ግን ልጆች በአንዱ ሁለት ሁለት ሆነው መማር ጀመሩ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን መበለቲቱ ስትጠይቅ የሚመለስላት መልስ ተገኘ።

ነውር ያለበት መሥዋዕት

ሌላም መጠንቀቅ የሚገባን ነገር አለ። ያገለገለ ኮምፒዩተር መስጠት በራሱ ነቀፋ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአየርላንድ የተመሠረተው ካማራ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት፤ መሥሪያ ቤቶች የተዉአቸውን ኮምፒዩተሮች ሰብስቦ፣ በውስጣቸው ያለውን ምስጢር አጥፍቶ፣ ጠግኖና የትምህርት ጽሑፍ ጭኖ፤ አገራችንን ጨምሮ ለአፍሪካ ትምህርት ቤቶች ይልክ ነበር። ይህ መልካም አሠራር ነው። ነገር ግን የማይሠራውን፣ ሊጣል የተዘጋጀውን «ለድኻ ይሁን» ብሎ መስጠት፤ በነቢዩ በሚልክያስ ዘመን ዕውሩንና አንካሳውን በግ ለመሥዋዕት እንዳቀረቡት ካህናት መሆን ነው። የተሰበረ ኮምፒዩተር እንደ ተቀደደ ልብስ ለጨርቅ አይሆንም፤ በውስጡ እርሳስና ሌላም መርዛም ነገር ስላለ በየሜዳው ሲጣልና ሲቃጠል ሰውንና ምድርን ይጐዳል። እ.ኤ.አ. በ1989 በባዝል ከተማ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር እንዳይተላለፍ የሚቈጣጠረው ስለዚህ ነው። በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን ዕቃ ከመላካችሁ በፊት ለገዛ ልጃችሁ የምትሰጡት መሆኑን ራሳችሁን ጠይቁ።

ኮሚቴ ሊያደርገው የሚገባ

ከዚህ በላይ ከተነገረው የተነሣ፤ ይህን ምጽዋት የሚጀምር ደብር ወይም ማኅበር የሚከተለውን ቢጠብቅ ይጠቅመዋል።

አስቀድሞ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ይመልከት፤ መብራቱ፣ ክፍሉ፣ መቈለፊያው፣ አስተማሪው መኖሩን ያረጋግጥ። ከሚሰበሰበው ገንዘብ ሁሉን በኮምፒዩተር ላይ አያውለው፤ ለመስመር፣ ለጥገናና ለአስተማሪ የሚሆን ድርሻ ከመጀመሪያው ይለይለት። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚነበቡ መጻሕፍትና መዛግብት አስቀድሞ ይጫኑበት፤ ለዚህም ኪዊክስ የሚባለው በነጻ የሚገኝ መሣሪያ ዊኪፔድያ የተባለውን መዝገበ ዕውቀት ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ለእያንዳንዱ ሰጪ ደረሰኝ ይሰጠው፤ ገቢና ወጪው በሕዝብ ፊት ይነበብ፤ የባንክ ሒሳቡም ከአንድ ሰው በላይ ፊርማ ይኑረው። የተቀባዮቹ ልጆች ስምና ፎቶግራፍ ለማስታወቂያ አይዋል፤ በምጽዋት ጊዜ መለከት ማስነፋትን ጌታ ነቅፎታልና። በየስድስት ወሩም አንድ ሰው ሄዶ ስንት ኮምፒዩተር እንዳለ ሳይሆን ስንት ልጅ እንደ ተማረበት ጽፎ ይምጣ።

በኮምፒዩተር የሚገኘው ሁሉ ንጹሕ አለመሆኑን የሚያነሡ ወላጆች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቢላዋ እንጀራም ይቈርሳል፣ እጅም ይቈርጣል፤ ልጁን የሚጠብቀው ግን ቢላዋውን መደበቅ ሳይሆን አያያዙን የሚያሳየው ሰው በአጠገቡ መኖሩ ነው። ስለዚህም ከመሣሪያው አስቀድሞ መምህር እንፈልግ ማለታችን፤ ለዕውቀቱ ብቻ ሳይሆን ለጠባዩም ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ የተወደዳችሁ ሆይ፤ እኛን ያስተማረችን በአኩፋዳችን ቍራሽ የጨመረችልን እናት ናት። እርስዋ የሰጠችን ቍራሽ ፍሬ ማፍራቱን ሳታይ ብታልፍም፤ ፍሬው ግን በእኛ ላይ ታይቷል። ዛሬ ደግሞ በጉልት ገበያ ተቀምጣ የምትሰጠን እናት አለች። የሰጠችውን ተቀብለን በተቈለፈ ክፍል ብናኖረው፤ የበደልነው ልጆቹን ብቻ ሳይሆን እርስዋንም ነው። ስለዚህ ከመለመናችን በፊት ወጪውን እናስላ፤ ከለመንን በኋላ ሒሳቡን እንግለጥ፤ ከሰጠን በኋላም ሄደን እንይ። የጀመርነውን እንድንፈጽም እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።